አንዱ ዕቃ ሲሄድ ሌላው ለምን ይቆማል?

አዳማ ውስጥ አዲስ ዕቃ ይዞ አከፋፋይ ዘንድ የሚቀርብ ሰው «ጥሩ ነው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ይሄዳል?» ነው የሚባለው። ነጋዴው ልክ ነው። ጥሩ መሆንና መሄድ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ጥራቱ የተመሰከረለት ዕቃ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ፣ ከእሱ የማይሻለው ደግሞ ከመናኸሪያ እስከ ፖስታ ቤት በየሱቁ በር ተንጠልጥሎ ይታያል።

ሰው ምክንያት የሚፈልገው ዕቃው ከሄደ በኋላ ነው። ያኔ ምክንያት አይጠፋም፦ ርካሽ ስለሆነ፣ ስለሚጣፍጥ፣ ቀለሙ ዓይን ስለሚስብ። ርካሽም ጣፋጭም ሆነው የቆሙትን ግን ማንም አይቆጥራቸውም፤ ከዓይን ጠፍተዋላ። «የተሳካላቸው ምን አደረጉ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ግማሹን መዝገብ ሳያነብ ሒሳብ እየዘጋ ነው።

ነገሩን በሙከራ ያሳዩ አሉ። ኒው ዮርክ ያለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንካን ዋትስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን አሳትፏል። ስማቸው ያልታወቀ ባንዶች የሠሯቸው 48 ዘፈኖች በኢንተርኔት ቀረቡ። አንዱ ወገን ሌላው ምን እንዳወረደ ሳያይ ለብቻው መረጠ። የቀረው እርስ በርስ በማይገናኙ 8 ክፍሎች ተመድቦ፣ በየክፍሉ እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደወረደ እያየ መረጠ። ለብቻቸው የመረጡት እጅግ የወደዷቸው ዘፈኖች በየትኛውም ክፍል ብዙም አልወደቁም፤ የናቋቸውም ብዙም አልወጡም። መሐል ላይ ያሉት ግን በአንዱ ክፍል ከላይ፣ በሌላው ከታች ተገኙ። ዘፈኑ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጡት መጀመሪያ የደረሱት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሰዎች ቁጥሩን ሲያዩ አንደኛ በወጣውና በመጨረሻው መካከል ያለው ርቀትም ሰፋ።

እንግዲህ ጥራት ከጨዋታው እንዳይወጡ ያደርጋል። ከዚያ በላይ ያለውን የሚወስነው ገዢው ቀና ሲል የሚያየው ሰው ነው። ዕቃ ከሰው ወደ ሰው በሰንሰለት ይሄዳል፤ የሚቆመውም ሰንሰለቱ በተበጠሰበት ቦታ ነው። የሚበጠስባቸው ቦታዎች ደግሞ ይታወቃሉ።

ሁለተኛው ሰው

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበውን ስሌት ወደ ባጃጅ ተራ እናምጣው። ተራው ላይ 10 ሾፌሮች አሉ እንበል፤ አዲሱ ነገር ሒሳብ በስልክ መቀበል ነው። አንደኛው ማንንም ሳይጠብቅ ይጀምራል። ሁለተኛው አንድ ሰው ሲጀምር ካየ ይከተላል፤ ሦስተኛው ሁለት ካየ፤ እንዲህ እያለ አሥረኛው ዘጠኝ ካየ ይገባል። እያንዳንዱ የሚሻገረው ደፍ፣ ማለትም ለመግባት ማየት የሚፈልገው የሰው ቁጥር፣ አለው ማለት ነው። በዚህ አሰላለፍ አሥሩም ይገባሉ።

አሁን ሁለተኛውን ብቻ እንለውጠው። አንድ ሰው ማየት የሚበቃው የነበረው ሁለት ማየት የሚፈልግ ይሁን። የመጀመሪያው ይጀምራል። ከዚያ ሁለት ሰው የሚጠብቁት ሁለቱ ሾፌሮች እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ ሌሎቹም እነሱን ይጠብቃሉ። ነገሩ አንድ ሰው ላይ ቀረ። የአሥሩ አማካይ ደፍ የተለወጠው ከ4.5 ወደ 4.6 ብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን ከአሥር ወደ አንድ ወረደ። ከሩቅ የሚያይ ሰው «የዚህ ተራ ሾፌሮች አዲስ ነገር አይወዱም» ብሎ ይደመድማል። የጎደለው ግን አንድ ሰው ነበር።

ስለዚህ ገበያ የሚያጠና ሰው «ትወዱታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው ይሉኝታ ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ «ስንት ሰው ሲጠቀምበት ብታይ ትገዛለህ? የማን መግዛት ያሳምንሃል?» የሚለው ነው። 20 ሰው ጠይቆ መልሶቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ መደርደር ይበቃል። ከ0 ቀጥሎ 1 እና 2 የሚሉ ከሌሉ፣ መሥራቱ ያለበት እዚያ ክፍተት ላይ ነው፦ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሰው «ካልወደድከው መልሰህ ገንዘብህን ውሰድ» ብሎ ማስገባት። አሥረኛውን ለማሳመን መድከም የጉልበት ብክነት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይመጣል።

ደፉ በመመሪያ ዜሮ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ሲደረግ፣ ሾፌሩ ጎረቤቱን አይቶ የሚወስንበት ዕድል አበቃ፤ ቤንዚን ለመቅዳት ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ መግባት አለበት። አንዴ ከገባ ደግሞ ከተሳፋሪ በስልክ መቀበል ባንክ ሄዶ ከማስገባት ይቀልለዋል።

እዚህ ላይ ከሌላው ዕቃ የሚለይ ነገር አለ። እንጀራ ጎረቤት በላውም አልበላውም ጣዕሙ ያው ነው። የስልክ ገንዘብ ግን ሌላ ሰው ካልያዘው ለምንም አይሆንም፤ የያዘው ሰው በበዛ ቁጥር ጥቅሙ ይጨምራል። ያገለገለች ቪትዝ ገዝቶ የማይጨነቅ ሰው የሚበዛውም በዚሁ ነው፦ መለዋወጫዋ በየቦታው አለ፣ መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል፣ መሸጥ ሲያስፈልግ ገዢ አይጠፋም። እያንዳንዷ ተጨማሪ ቪትዝ የሚቀጥለውን ገዢ ስጋት ትቀንሳለች። በእንዲህ ያለ ገበያ የተሻለ መኪና ይዞ መምጣት አይበቃም፤ መለዋወጫውንና መካኒኩንም ይዞ መምጣት ያስፈልጋል።

በቆሎና ጤፍ

ስለ አዲስ ነገር መስፋፋት የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተጀመረው ከበቆሎ ማሳ ነው። ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ አዮዋ ግዛት 259 ገበሬዎች ድቅል የበቆሎ ዘርን እንዴት እንደተቀበሉ ይከታተላል። ዘሩ ከነባሩ 20 በመቶ ያህል የበለጠ ይሰጥ ነበር። እንዲህ ያለ ትርፍ እያለ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1941 ድረስ ጊዜ ፈጀ፤ መጨረሻ ላይ ያልተቀበሉት 2 ብቻ ነበሩ። ስለ ዘሩ መጀመሪያ የነገራቸው በአብዛኛው ዘር ሻጩ ነው። ያሳመናቸው ግን ጎረቤት ነው። ማስታወቂያ የሚሠራውንና የማይሠራውን ለማወቅ ይህቺ ልዩነት ትበቃለች፦ ማስታወቂያ ያሳውቃል፣ ኪስ የሚያስፈታው ግን ጎረቤት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ቢሾፍቱ አለች፤ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ያለው እዚያ ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ለገበሬ አወጣ። ከዚያ በፊት ገበሬው ሁለት ምርጫ ነበረው። ማኛ እጅግ ነጭ ስለሆነ ገበያ ላይ ዋጋ ያወጣል፤ ምርቱ ግን ያንሳል። ዱከም የተባለው ዝርያ ደህና ይሰጣል፤ ንጣቱ ግን ማኛን አያህልም። ቁንጮ ከሁለቱ መዳቀል የተገኘ ነው፤ የአንዱን ምርት ከሌላው ንጣት ጋር ይዞ መጣ። ምርት ብቻ የሚቆጥር ሰው ቢያዘጋጀው ኖሮ ንጣቱን ይንቀው ነበር፤ ነጋዴው ግን ጤፍ ሲገዛ መጀመሪያ መዳፉ ላይ አድርጎ ቀለሙን ነው የሚያየው።

ለመስፋፋቱ ሁለት ነገሮች ረዱት። ጤፍ በብተና ሲዘራ ለሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ዘር ይበቃዋል፤ ለሩብ ሄክታር 7 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ገበሬው ማሳውን ሁሉ ሳይሰጥ በጥግ መሞከር ይችላል። ዘሩም በብድር እየተሰጠ፣ ከምርቱ እየተመለሰ ለሌላ ገበሬ ይተላለፍ ነበር። ሁለተኛው የተክሉ ባሕርይ ነው፦ ጤፍ በራሱ የአበባ ብናኝ የሚራባ ስለሆነ ገበሬው ከራሱ አውድማ ዘር አስቀርቶ ለጎረቤት ሊሰፍር ይችላል። ድቅል በቆሎ ግን ተመልሶ ሲዘራ ጉልበቱን ስለሚያጣ በየዓመቱ ይገዛል። ማንኛውንም ዕቃ ሲያስቡ ይህን መጠየቅ ያዋጣል፦ የወደደው ሰው ያለ እርስዎ እጅ ለጎረቤቱ ሊያስተላልፈው ይችላል? የሚችል ከሆነ ይፈጥናል፣ ትርፉ ግን ከእጅ ያመልጣል። የማይችል ከሆነ ትርፉ ይቀራል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሁለቱንም እናገኛለን የሚሉ ብዙ የንግድ ዕቅዶች እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት።

ካልታየና ካልተሞከረ

ኤቨረት ሮጀርስ የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1962 አንድን አዲስ ነገር የሚያፈጥኑትን ባሕርያት አምስት አድርጎ አስቀምጧል፦ ካለው መብለጡ፣ ከኑሮ ጋር መስማማቱ፣ ቀላል መሆኑ፣ በጥቂቱ መሞከር መቻሉና ውጤቱ ለሌላ ሰው መታየቱ። ብዙ ነጋዴ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ይሟገታል። በእኛ ግምት ግን ብዙ ጥሩ ዕቃ የሚቀብሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

በጥቂቱ መሞከርን የጉሊት ነጋዴዎች ከማንም በላይ ያውቁበታል። ዘይት በትንሽ ላስቲክ፣ በርበሬ በማንኪያ ይሸጣሉ። በኪሎ ሲታሰብ የሚወደደው ዋጋ በእጅ ሲከፈል ትንሽ ነው፤ አዲስ ዓይነት ሲመጣም ገዢው የሚያጣው የአንድ ወጥ ብቻ ነው። አዲስ ሳሙና በካርቶን ብቻ የሚያወርድ ሰው ገዢውን ሳያየው ትዳር እንዲይዝ እየጠየቀው ነው።

ምድጃ ሌላው ማሳያ ነው። ላቀች የተባለችው የከሰል ምድጃ በቆርቆሮ ቀፎ ውስጥ ሸክላ የገባላት ናት፤ ከተለመደው የብረት ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። ድስቱ ያው፣ ከሰሉ ያው፣ አያያዟም ያው ነው፤ የሚማሩት አዲስ ነገር የለም። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ሊቆጥብ ይችላል፤ በቁጠባ ላቀችን ይበልጣል ማለት ነው። ግን በሲሚንቶ የተሠሩ ከባድ ክፍሎች ተገጣጥመው ቋሚ ቦታ ይፈልጋል። ተከራይ ቤት በለቀቀ ቁጥር ይህን ተሸክሞ መዞር አይሆንለትም፤ ለአንድ ሳምንት ሞክሮ መመለስም አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ውጤቱ የማይታይ ነገር ነው። የመጠጥ ውሃ የሚታከመው እንደ ውሃ አጋር ባለ የክሎሪን መድኃኒት ሲሆን፣ ውሃው እንደ ድሮው ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ሽታው ብቻ ይለወጣል። ጥቅሙ ያልመጣ ተቅማጥ ነው፤ ያልመጣ ነገር ደግሞ ጎረቤት አያየውም። ክትባት፣ ኢንሹራንስ፣ የራስ ቁር ሁሉም በዚህ ይጎተታሉ። መፍትሔው የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ ነው፦ ከቤት ውስጥ ይልቅ ሰው በሚቀዳበት ቦታ ላይ ማስቀመጥ፣ የተጠቀመው ቤት ደጃፍ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ዕቃው ራሱ ከሩቅ በሚለይ ቀለም እንዲመጣ ማድረግ።

ወሬና ልማድ መንገዳቸው ይለያያል

ወሬ ለመሄድ አንድ ሰው ይበቃዋል። «እገሌ ቦታ ሥራ ወጥቷል» የሚለውን ከሩቅ ትውውቅ ሰምቶ ማመን አያስከፍልም፤ እንዲያውም የሩቅ ትውውቅ ወዳጅ የማያውቀውን ያመጣል። ገንዘብ የሚያስወጣ ወይም ሊያሳፍር የሚችል ነገር ግን ከአንድ አፍ ሰምቶ የሚያደርገው ጥቂት ነው፤ ሁለት ሦስት ቦታ ማየት ይፈለጋል።

የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ዴመን ሴንቶላ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ሙከራ 1,528 ሰዎችን በሁለት ዓይነት ትስስር አደራጀ። በአንደኛው የአንድ ሰው ወዳጆች እርስ በርስም ይተዋወቃሉ፤ በሌላኛው ግንኙነቱ ወዲያና ወዲህ የተበተነ ነው። አዲሱ የጤና ልምድ በተሳሰሩት መካከል ወደ 54 በመቶ ሲደርስ፣ በተበተኑት መካከል 38 በመቶ ላይ ቀረ።

አዳማ ላይ ይህ እንዲህ ይተረጎማል። 60 ናሙና ያለው ሰው ከተማዋን ሙሉ ዞሮ ለ60 ሰፈር አንዳንድ ቢሰጥ፣ እያንዳንዱ ተቀባይ በሰፈሩ ብቸኛ ይሆናል፤ የሚያየው ጎረቤት ሁለተኛ ምስክር አያገኝም። 60ውን በሦስት እድር፣ ለእያንዳንዱ 20 አድርጎ ቢሰጥ ግን አንዲት ሴት ጠዋት ቡና ጠጥታ አንድ ቤት ታየዋለች፣ እሑድ እድር ስብሰባ ላይ ከሌላዋ ትሰማለች፣ ማክሰኞ ልጇን ከትምህርት ቤት ስታመጣ ደግሞ ከሦስተኛዋ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት እድሮች እስኪሞሉ ወደ አራተኛው አይኬድም። ሲኬድም ከሦስቱ አንዱንም የሚያውቁ ጥቂት አባላት ያሉበት ይመረጣል። በራሪ ወረቀት በየመንገዱ መበተን ደስ ይላል፣ ሥራ የተሠራም ያስመስላል፤ ለወሬ ካልሆነ በቀር ግን ለዚህ አይረዳም።

ቁጥሩ

ሁለት ስሌቶችን ደብተር ላይ መሥራት ብዙ ገንዘብ ያድናል። የመጀመሪያው የሰንሰለቱ ነው። 10 ሰው ገዛ፤ እያንዳንዱ ለ3 ሰው ነገረ፤ ከሰሙት አራት አንዱ ገዛ። 3 በ4 ሲካፈል 0.75 ነው። 10ሩ 7 ወይም 8 ያመጣሉ፣ እነሱ 6 ገደማ፣ እየቀነሰ ሄዶ ድምሩ 40 ላይ ይቆማል። ከአራት አንዱ መሆኑ ቀርቶ ከአምስት ሁለቱ ቢገዙ ውጤቱ 1.2 ይሆናል፤ እያደገ ይሄዳል። ከ1 በታችና ከ1 በላይ መሆን የሞትና የሕይወት ያህል ይራራቃሉ፤ በመጀመሪያው ወር ግን ሽያጩ ተመሳሳይ ይመስላል። ለዚህ ነው እያንዳንዱን ገዢ «ከማን ሰማህ?» ብሎ መጠየቅና መጻፍ የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው የገበያ ጥናት ምሁሩ ፍራንክ ባስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው ነው፤ እንደ ምጣድ ወይም ፍሪጅ አንዴ ተገዝቶ ለሚቆይ ዕቃ ይሆናል። በብዙ ምርቶች ላይ ሲለካ፣ ሌላ ሰው ሳያይ በራሱ የሚገዛው በአማካይ በዓመት ካልገዙት 0.03፣ ሌላውን አይቶ የመከተል ኃይል ደግሞ 0.38 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። 1,000 ቤተሰብ ያለበት ሰፈር ቢወሰድ የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ 30 ነው። የሚቀጥለው የሚገኘው የገዙትን ለ1,000 አካፍሎ፣ በ0.38 አባዝቶ፣ 0.03 ደምሮ፣ ባልገዙት በማባዛት ነው፦ በሁለተኛው ዓመት 40፣ በሦስተኛው 53፣ በአራተኛው 67፣ በአምስተኛው 83። ጫፉ ስምንተኛው ዓመት ላይ ነው፣ 110 ገደማ፤ ከዚያ በዓመት የሚሸጠው ይቀንሳል።

ከዚህ ሁለት ስህተት ይነበባል። አንደኛው በሁለተኛው ዓመት ላይ «አልሄደም» ብሎ መዝጋት ነው፤ የሦስት ዓመት ኪራይ ሳይያዝ የተጀመረ ንግድ ሰንሰለቱ ሳይሞቅ ያልቃል። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። ጎረቤት ሱቅ ሲደራ አይቶ ያንኑ የሚከፍት ሰው የሚያየው ጫፉን ነው፤ ዕቃ አስጭኖ እስኪያወርድ ቁልቁለቱ ይጀምራል። በአንድ መንገድ ላይ አምስት አንድ ዓይነት ሱቅ ተደርድረው ሦስቱ በዓመቱ የሚዘጉት ሁልጊዜ በባለቤቶቹ ስንፍና አይደለም።

የሚያሳስቱ ምልክቶች

አዳማ መንገደኛ ይበዛባታል። ለምሳ የሚቆም እንግዳ ምግብ ቤቶቹን አያውቅም፤ ብዙ መኪና የቆመበት ይገባል። የመጀመሪያው መኪና የቆመው ለዛፍ ጥላ ብሎ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይቶ፣ ሦስተኛው ሁለቱን አይቶ ይገባል፤ የምግቡን ነገር የሚያውቅ ማንም የለም። እንዲህ የተሰበሰበ ሰው በቀላሉ ይበተናል፤ አንድ ቀን ጥላው ስር ሌላ ነገር ቢቆም ሰልፉ ወደ ማዶ ይዞራል።

ስምም ያሳስታል። ሀይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ሆኖ ሳለ ዛሬ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሀይላንድ ነው፤ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪም ማንም ቢሠራው ባጃጅ ይባላል። ስም እንዲህ ሲዛመት ዝና ይመስላል። ነገር ግን «ሀይላንድ ስጠኝ» ያለ ሰው የትኛውንም ውሃ ቢሰጡት ይቀበላል።

ዘመድ መጀመሪያ መግዛቱ ሌላው ነው። ዘመድ ለዕቃው ሳይሆን ለእርስዎ ይገዛል፤ ለሌላም አይናገርም። የመጀመሪያዎቹ 20 ገዢዎች ዝርዝር ውስጥ ዘመድና የሥራ ባልደረባ ከበዙ፣ እነሱን ሰርዞ እንደገና መቁጠር ነው። ዕቃው ሊቀጣጠል ሲል መጥፋትም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው፦ ሦስተኛ ምስክር አግኝቶ ሱቅ የመጣ ሰው «አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት» ሲባል ከጎን ያለውን አስመስሎ የተሠራ ይገዛል፤ ያ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ስሙ የሚጠፋው የዋናው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሽያጭ ገንዘብ ትርፉ ሳይወጣለት ለቀጣዩ ጭነት መቀመጥ አለበት።

ወረትን ከልማድ ለመለየት አንድ ደብተር ይበቃል። በየወሩ የተሸጠውን በሁለት ዓምድ መጻፍ ነው፦ መጀመሪያ የገዙ፣ ተመልሰው የገዙ። በወር 300 ጠርሙስ ጁስ የሚሸጡ ሁለት ቤቶች በር ላይ እኩል ሰልፍ ሊኖራቸው ይችላል። የአንዱ 270ዎቹ አዲስ ገዢዎች ናቸው፤ የሌላው 120 አዲስ፣ 180 ተመላሽ። የመጀመሪያው ቤት ሰፈሩ ውስጥ ያልቀመሰ ሰው ሲያልቅ ሽያጩ ከ300 ወደ 30 ይወርዳል፤ ይህም የሚሆነው ባለቤቱ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ለመግዛት በሚዋዋልበት ሰሞን ነው። ተመላሹ ሳይጨምር ሁለት ወር በተከታታይ ከታየ፣ አዲስ ጭነት ሳያዙ ያለውን መጨረስ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ገዝተው የቀሩትን አሥር ሰዎች ፈልጎ ለምን እንደቀሩ መጠየቅ።